ወደ ኖርዌይ እንዲልኩልኝ የጠራኋቸው ሽማግሌዎች

እሑድ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሚኒሶታ ኒው ሆፕ ከተማ ወደምንኖርበት አፓርታማ ሦስት ሽማግሌዎች ጫማቸውን በራፉ ላይ አውልቀው ገቡ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። የጠራኋቸውም ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ባለቤቴ በግንቦት ወር ያለ እኔ ወደ ኖርዌይ እንድትሄድ እንዲያግባቡልኝ። እርሷ አልሄድም ብላለች። ከዚህ በቀር በመካከላችን ጠብ አልነበረም።

ይህን አስቀድሜ የማሰፍረው ነገሩ በኋላ በሌላ መልክ ስለ ተወራ ነው። አንዳንዱ ሊፋቱ ነው አለ። አንዳንዱ ደግሞ ሚስቱ ጥላው ልትሄድ ስትል በሽማግሌ አስቀራት አለ። የሚያስቆጨኝ ሁለተኛው ነው፤ ፍጻሜውን ብቻ ላየ ሰው እውነት ይመስላልና።

ባለቤቴ ኩዊልት ትሠራለች። ኩዊልት ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ በመሃሉ ስስ የጥጥ ንጣፍ ገብቶበት፣ ከጀርባው ሌላ ጨርቅ ተደርቦ ሦስቱ ባንድ ላይ የሚሰፉበት የአልጋ ልብስ ነው። የእርሷ ግን ግድግዳ ላይ እንጂ አልጋ ላይ አይውልም። ሐይቅ፣ ተራራ፣ የወደብ ከተማ ጣሪያዎች፤ በጨርቅ የተሠራ ሥዕል ነው ብል ይቀርባል። በሚኒያፖሊስ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የተቀደደ አንሶላ ስትጠግን ኖራ ጡረታ በወጣች ጊዜ እጇ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። በሠፈራችን የአዛውንቶች ማዕከል ረቡዕ ረቡዕ ከሚሰበሰቡ ኩዊልት ሠሪ ሴቶች ጋር ተቀላቀለች።

እኔ ደግሞ በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርሁት ጂኦግራፊ፣ ያገለገልሁትም በካርታ ሥራ ነው። ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ወንዙን ከመንገዱ፣ ገደሉን ከጥላው ለይቶ በመስመር ማውጣት እንጀራዬ ነበር። ፎቶግራፍ የማንሣት ልማዴ ከዚያ የቀረ ነው። ስለዚህ ልጃችን ገና ጤነኛ ሳለሁ አንድ ጊዜ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ሰሜን ፖርቱጋል ስትልከን የሥራ ክፍፍሉ ሳንነጋገር ተወሰነ። እኔ አነሣለሁ፤ እርሷ ትሰፋለች።

ስንመለስ አንዱን ፎቶግራፍ መርጠን በትልቅ ወረቀት እናሳትማለን። የሳሎናችን መስኮት መስታወት ላይ እንለጥፈዋለን፤ ከውጭ የሚገባው ብርሃን መስመሮቹን ያጎላቸዋል። በላዩ ስስ ወረቀት ደርቤ የየቅርጹን ወሰን በእርሳስ እከተላለሁ፤ ለየቁራጩም ቁጥር እሰጣለሁ። እርሷ በቁጥሩ መሠረት ጨርቁን ትቆርጣለች፤ ዙሪያውን ለስፌት የሚታጠፍ ትርፍ ትተዋለች። በሩቅ ላለ ተራራ የጨርቁን ጀርባ ወደ ፊት ታዞራለች፤ የፈዘዘው ገጽ ርቀት ይሰጣል። ይህንን አደንቃለሁ። የማላደንቀው ከመስመሩ መውጣቷን ነው።

«ከኋላ ሦስት ጫፎች ነበሩ፤ ሁለት ብቻ ሰፍተሻል» አልኋት በስዊዘርላንዱ ጊዜ።

«ሦስተኛው ዓይን ይበትናል።»

«ተራራው ግን አለ።»

«ካለ ይኑር። እኔ ምን አደረግሁት? ቅር ያለህ አንተ እንጂ ተራራው አይደለም።»

ከፖርቱጋል በተመለስን በዓመቱ ኩላሊቶቼ ሥራቸውን አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ወንበር ላይ እውላለሁ። ግራ ክንዴ ሁለት መርፌ ተሰክቶበት ስለሚዘረጋ አፍንጫዬን ቢበላኝ የማከው በቀኙ ነው፤ ቀኙ ላይ የደም ግፊት መለኪያው ሲያጠብቅ ግን መታገሥ ነው። የምጠጣው ውኃ ይለካል። ዓለሜ ከቤቴ እስከ ማዕከሉ፣ ከማዕከሉ እስከ ቤቴ ሆነ። ባሕር ማዶ ሄዶ መታጠብ ይቻል እንደሆነ ሐኪሜን ጠይቄው ነበር። ግፊቴ በእጥበቱ መካከል እየወረደ ስለሚያስቸግር እንዳላስበው በብዙ ትሕትና ነገረኝ። ያሳመነኝ ትሕትናው ነው፤ ተስፋ ቢኖረኝ ኖሮ ይቆጣኝ ነበር።

የራሴን መታሰር ከበሽታው ጋር አብሬ ተቀብየዋለሁ። በበረዶው ወራት መስኮት በማይከፈትበት ቤት የማሞቂያውን ማንኮራፋት እየሰሙ መዋልም ይለመዳል። ያልለመድሁት የእርሷን ነው። እርሷ ጤነኛ ናት፤ እግሯ ይራመዳል፤ የፓስፖርቷ ጊዜ አላለፈም። ሆኖም ወደ ማዕከሉ በመኪና የምታደርሰኝ እርሷ ናት፤ ጨው የሌለበትን ምግቤን የምታበስለው እርሷ ናት፤ ሌሊት ትንፋሼን የምታዳምጠው እርሷ ናት። የእኔ አጥር በሽታው ነው፤ የእርሷ አጥር እኔ ነኝ። ይህንን በየማለዳው መኪና ስታሞቅልኝ ሳይ ከመርፌው ይልቅ ይወጋኝ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. መግቢያ የኩዊልት ክበቡ ሴቶች ለግንቦት ጉዞ አሰቡ። ከእነርሱ ብዙዎቹ አያቶቻቸው ከኖርዌይ የፈለሱ ናቸው። ባሕሩ በገደል መካከል ገብቶ እስከ መሃል አገር የሚዘልቅባቸውን ሸለቆዎች በመርከብ ሊያዩ፣ እያንዳንዳቸው ፎቶግራፍ ሊያነሡ፣ በመከር ደግሞ ከዚያ የሠሩትን ኩዊልት ባንድ አዳራሽ ሊያሳዩ ነው። በግንቦት ከገደሉ ላይ በረዶው ሳይቀልጥ ከሥሩ የፖም ዛፎች ያብባሉ ይባላል። ለካሜራም ለመርፌም ከዚህ የሚበልጥ የለም። የክበቡ መሪ፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ የሸበተ ደግ ሴት፣ ባለቤቴ ስሟን እስከ ጥር መጨረሻ እንድትሰጣት ጠየቀቻት።

«ሂጂ» አልኋት።

«አንተን ለማን ትቼ?»

ቡርንስቪል የምትኖረው ልጃችን ነርስ ናት። ፈቃድ ወስዳ ቤታችን እንደምትሰነብት፣ ወደ እጥበቱም እንደምታደርሰኝ በስልክ አረጋግጣልኝ ነበር። ይህንን ለባለቤቴ ነገርኋት።

«ሰውስ ምን ይላል?» አለች።

«የትኛው ሰው?»

«ሁሉም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ፣ ባሏ ደሙ እየታጠበ እርሷ ተራራ ለተራራ ትዞራለች ቢሉኝ የት እገባለሁ?»

ነገር ግን በታኅሣሥ ውኃ የማያስገባ፣ ሶሉ ጥርስ ያወጣ የመንገድ ጫማ ይዛ ገባች። ለበረዶው ነው አለችኝ። የበረዶ ጫማ ነበራት። በሌላ ቀን ደግሞ ካሜራዬን ከሣጥኑ አውጥታ «ይህ ቁልፍ ምንድን ነው?» አለችኝ። በአብሮነታችን ዘመን ሁሉ ስለ ካሜራ ጠይቃኝ አታውቅም። ለኩዊልት የሚሆን ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚነሣ ማስተማር ጀመርሁ። ፀሐይ ከጎን ስትሆን፣ ጥላው ቅርጹን ሲለይ፣ አድማሱ ሳይዘም።

ከአፓርታማችን ጀርባ ወዳለው የበረደ ኩሬ እየሄድን እርሷ ውጭ ቆማ ታነሣለች፤ እኔ ሞተሩ ባልጠፋ መኪና ውስጥ ተቀምጬ መስታወቱን ዝቅ እያደረግሁ እታረማለሁ፤ ማለቴ አርማታለሁ።

«ዘሟል!» እላለሁ።

«ምኑ?»

«አድማሱ። ወደ ግራ ዘሟል።»

«አንተ ነህ ዘመህ የተቀመጥኸው። ቀና በል።»

አንድ ቀን ዞር ብላ በመኪናው የፊት መስታወት በኩል እኔን አነሣችኝ። ፎቶግራፉን ሳየው ቀበቶ የታሰረ፣ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ የወረደ አዛውንት ነው፤ መስታወቱ ላይ የኩሬው ዳር ዛፎች ፊቱን አቋርጠውት አልፈዋል። ስለ ትኩረቱ ጥራት ብቻ አመሰገንኋት።

ጥር እየገፋ ሲሄድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከእኔ ቃል ይልቅ የሚያስፈራት የሰው ቃል ከሆነ፣ ሰውን ራሱን ቤቴ ጠርቼ «ሂጂ» ላስብላት አልሁ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የተናገረውን ማንም አይነቅፍም። ሽማግሌ ሂጂ ካላት፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አፉን የሚከፍት አይኖርም። ሐሳቡ እንደ ካርታ የጠራ መሰለኝ። ለልጄ ነገርኋት።

«አባዬ፣ ለቬኬሽን ሽማግሌ ይላካል እንዴ?»

«ለከበደ ነገር ሁሉ ይላካል።»

«ኦ ማይ ጋድ። እማዬ ታውቃለች?»

«እሑድ ታውቃለች።»

«ሰርፕራይዝ ሽማግሌ!» ብላ ሥራ ቦታዋ ላይ ያሉት እስኪሰሙ ሳቀች። «ፕሊስ ቪዲዮ አድርጉልኝ።»

የመጀመሪያው ሽማግሌ ከኮሎምቢያ ሃይትስ የሚመጡት ሐጂ ናቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ሲያመላልሱ ዘመናቸውን የጨረሱ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ስንት የተጣላ ያስታረቁ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ ናቸው። ሦስተኛው በአገር ቤት ሒሳብ ያስተምር የነበረ፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሚጠብቅ ወዳጄ ነው፤ ሁላችንም መምህሩ እንለዋለን። ለየብቻ ደውዬ ጉዳዩን አንድም ሳላስቀር አስረዳኋቸው። እንድትሄድ የምፈልግ እኔ ነኝ፤ አልሄድም የምትል እርሷ ናት፤ የእናንተ ሥራ ሂጂ ማለት ነው። ሐጂ «ተረድቻለሁ» አሉ። መሪጌታውም እንዲሁ። መምህሩ ብቻ «የምርህን ነው?» አለኝ። የምሬን ነው አልሁት።

ያን እሑድ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ሦስቱን ባንድ ላይ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ሦስት ሽማግሌ ባልተጠራበት ቤት የሚመጣው ወይ ለመርዶ ነው ወይ ለዕርቅ። ማንም እንዳልሞተ ተረድታ ስትረጋጋ ሻይና ዳቦ አቀረበች። መሪጌታው ባረኩ፤ ሐጂም ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ተቀመጪ ተባለች።

«ልጄ» አሉ መሪጌታው፣ «ባልሽ ወደ ውጭ አገር እንድትሄጂ አነጋግሩልኝ ብሎ ጠርቶናል።»

ዞራ አየችኝ። «እርሱ ነው የጠራችሁ?»

«እርሱ ነው።»

«እኔን ለማስወጣት?»

ሐጂ ሣቁ። «እትዬ፣ ብዙ ቤት ገብተናል። ሚስቴን አስወጡልኝ ብሎ የጠራን ሞልቷል። ተራራ አሳዩልኝ ብሎ የጠራን ግን እንደ ባልሽ አላየሁም፤ ወላሂ።»

ሁላችንም ሣቅን፤ እርሷም ሣቀች። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። ነገር ግን ሽምግልና ወግ አለው፤ የሁለቱም ወገን ቅሬታ ሳይሰማ አይፈረድም።

«ቅሬታ ካለሽ ተናገሪ» አሏት መሪጌታው።

«የለኝም።»

«ቅሬታ የሌለበት ቤት የለም፤ ተናገሪ።»

«እንግዲያው ካላችሁ» አለች ቀሚሷን እያስተካከለች፣ «ማስመሪያው።»

«የምን ማስመሪያ?»

«የሰፋሁትን ይለካል። መስመር ስቷል ብሎ እኔ በሌለሁበት ይተረትረዋል። ሁለት ሚሊሜትር ነው የወጣው ይላል።»

«በሚሊሜትር?» አለ መምህሩ። «የዚህ አገር ልኬት ኢንች አይደለም?»

«አገሩ ኢንች ይላል። እርሱ ግን እስካሁን አልተቀበለውም።»

ከዚህ በኋላ ስለ ኖርዌይ ሳይሆን ስለ ማስመሪያዬ ብዙ ተባለ። እኔም አንድ ስፌት ከተሳሳተ ከእርሱ ጋር የሚገጥሙት ሁሉ እንደሚሳሳቱ በትዕግሥት አስረዳሁ። መሪጌታው በትዕግሥት ሰሙኝ። በመጨረሻ ወደ እርሷ ዞረው «ለመሆኑ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነበር።

«እናንተ ያላችሁትን እሰማለሁ» አለች።

በደንብ ላደገች ሴት በሽማግሌ ፊት ከዚህ ሌላ መልስ እንደሌላት እያወቅሁ፣ ሌላ መልስ ጠብቄ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሊመካከሩ «እስቲ እናንተ ወደ ውስጥ» አሉን። መኝታ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። አልጋውና የስፌት መኪናው ክፍሉን ስለሚሞሉት የምንቆምበት ሥፍራ ከአንድ ሰው የሚበልጥ አልነበረም። ትከሻዋ ደረቴን ነክቶ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ድምፃቸው ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አለች በሹክሹክታ።

«ብነግርሽ ትከለክይኝ ነበር።»

«አሁንስ ምን እንዲሆን ነው?»

«ሂጂ ይሉሻል። ከዚያ ሰው ምን ይላል የሚባል ነገር አይኖርም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ሚስትን ሂጂ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?»

አስታወስሁ። በአገር ቤትም፣ እዚህም፣ በሠርግም፣ በዕርቅም። አልሰማሁም። ሽማግሌ የተፈጠረው ተመለሺ፣ ቻዪ፣ ታገሺ ለማለት ነው። ይህ ሲገባኝ ከሳሎን «ኑ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ፍርዱን የተናገሩት መሪጌታው ናቸው። «ባልሽ ሂጂ ማለቱ ጨዋነቱ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። የታመመ ሰው ሸክም እንዳይሆን ብዙ ይናገራል።»

«መሪጌታ፣ የተናገርሁት የማስበውን ነው» አልሁ።

«ወንድሜ» አሉ ሐጂ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው፣ «ሽማግሌ ከጠራህ በኋላ ያንተ ድርሻ መስማት ነው።»

«ስለዚህ» ቀጠሉ መሪጌታው፣ «ዘንድሮ አትሄጂም። እርሱ ሲሻለው አብራችሁ ትሄዳላችሁ። አንተም የሰፋችውን በማስመሪያ አትለካ፤ አትተርትር። ተነሡና ተሳሳሙ።»

«እሺ» አለች ወዲያውኑ።

አራቱም እኔን ይጠብቁ ጀመር። እንደማይሻለኝ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ መሪጌታው አልሰሙም። የጠራኋቸው እኔ ስለሆንሁም እምቢ ብል በቤቴ የተቀመጡትን ሦስት ሽበታም ሰዎች ማዋረድ ነው። ሽማግሌ የጠራሁ ጊዜ የጠራሁት መልእክተኛ መስሎኝ ነበር፤ የጠራሁት ዳኛ ነው። «እሺ» አልሁ። ተሳሳምን። ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር።

መምህሩ በራፉ ላይ ጫማውን አስሮ፣ ሁለቱ ወደ ደረጃው ሲያልፉ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እኔ ትሂድ ብዬ ነበር። ሁለት ለአንድ ተሸነፍሁ።»

«ይግባኝ የለውም?» አልሁት።

«ለማን?» አለኝና ተከተላቸው።

በማግስቱ በረዶ ጣለ፤ ቀጥሎ በሚኒሶታ ብዙ የኖሩት እንኳ የተገረሙበት ብርድ መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። የእጥበት ማዕከሉ ግን አይዘጋም። ማክሰኞ፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ባለቤቴ እንደ ወትሮዋ መኪናውን አሙቃ ወሰደችኝ። በመንገድ ላይ ጭሱ ከየቤቱ ጣሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር።

«ተሳስተዋል» አልኋት። «ስምሽን ለክበቡ ብትሰጪ ማን ይከለክልሻል?»

«እሺ ብያለሁ።»

«ለእኔም እሺ በይኝ።»

«አንድ አፍ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ከፋሽ ወይስ ደስ አለሽ? ይህን ብቻ ንገሪኝ።»

«መንገዱ ያንሸራትታል፤ አታናግረኝ» አለች፤ ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ነበሩ።

ነርሷ ክንዴን አስራ መርፌዎቹን ስትሰካ ባለቤቴ እንደ ሌላው ጊዜ አልሄደችም። ከጎኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደሜ በቱቦው እየዞረ ሲመለስ አብረን አየን። እጄን ለማንሣት አልችልም ነበር፤ እርሷ ግን ብትፈልግ ተነሥታ መውጣት ትችል ነበር። አልተነሣችም። ይህ ፍቅር ይሁን የፍርዱ አፈጻጸም ከፊቷ ለማንበብ ሞከርሁ፤ ከአየር ላይ ፎቶግራፍ አገር ያነበብሁ ሰው ከክንዴ የማይርቀውን ፊት ማንበብ አቃተኝ።

በግንቦት የክበቡ ሴቶች ሄዱ። መሪያቸው በየማታው ፎቶግራፍ ትልክላት ነበር። ገደሉም፣ በረዶውም፣ የፖሙ አበባም እንደ ተባለው ነበሩ፤ ፎቶግራፎቹ ግን በቀትር ፀሐይ ተነሥተው ጥላ የላቸውም። ባለቤቴ ስልኳን ዓይኗ አጠገብ አድርጋ አንዱን ለረዥም ጊዜ አየችና «ብርሃኑ ከጎን ቢሆን ኖሮ» አለች። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። በመከር የሌሎቹ ኩዊልት አዳራሽ ሲሰቀል ሄዳ አየች፤ ቆንጆ ናቸው ብላ ተመለሰች። የእርሷ አልነበረበትም።

ይህን የምጽፈው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። ክበቡ ለመጪው ጸደይ አየርላንድን እያሰበ ነው። «ዘንድሮ» የተባለው ዓመት በመስከረም አልፏልና ፍርዱ አብቅቶ እንደሆነ ሐጂን በስልክ ጠየቅኋቸው። «አንተ ከዳንህ አብቅቷል» አሉኝ። መሪጌታው ፍርዱ እስከምድን የጸና ነው ይላሉ። መምህሩ አብቅቷል ይላል፤ ግን አሁንም ብቻውን ነው። ባለቤቴ ስለ አየርላንድ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ስሟን ትስጥ አትስጥ አልተወሰነም። በዚያ እሑድ «እሺ» ያለችው ሽማግሌዎቹን አክብራ ይሁን ወይም ቀድሞውኑ መቅረትን ፈልጋ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።